ሁለት ምት

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ሹፌሩ ቀኝ ትከሻው ወልቆ፣ ሸሚዙን በአንድ ወገን አውልቆ፣ ላቡ በግንባሩ ቁልቁል እየወረደ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። የመጣው ትከሻውን ሊያስገባ እንጂ ቴሌቪዥን ሊያይ አልነበረም። ወጌሻዋ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጣለች። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ምንም አያሳይም፤ ጥቁር ሆኖ መሃሉ ላይ አንዲት ነጭ ክብ ትሽከረከራለች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ እየሞትኩ ነው» አለ ሹፌሩ።

«ትከሻው የወለቀ ሰው አይሞትም» አለች ሳትዞር። «ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ባወራህ ቁጥር ይብስብሃል።»

ውሸቷን ነው። ቢያወራ የሚብስባት እሷ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ልቧ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሁለት ወለምታና አንድ የተጨፈለቀ ጣት አሽታ ሸኝታለች፤ እነማን እንደነበሩ ብትጠየቅ ግን አንዳቸውንም አታስታውስም።

ታናሽ ወንድሟ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሽቦ ይነካካል። ሥራው ቴሌቪዥን ጥገና ነው። የሰው ቴሌቪዥን በአንድ ቀን ያደርሳል፤ የእህቱን ግን ዛሬ ነው ተሸክሞ አምጥቶ የሰቀለላት፤ እሱም ስድስት ጊዜ ተነግሮት ነው።

«ምን ሆነ?» አለችው።

«ኢንተርኔቱ ነው፣ እታለም። ይመጣል» አለ ስልኩን ከአፉ አውጥቶ።

«ጠዋትም ይመጣል ብለህ ነበር።»

«ጠዋትማ መጥቶ ነበር። ጠዋት የልጅሽ ግጥሚያ አልነበረማ!»

ወጌሻዋን ሰፈሩ ከፊቷ «እትዬ»፣ ከኋላዋ «ጉጠት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ግንበኛ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱን አስገብታለት ጣቶቿ ያረፉበት ቦታ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ስለቆየ። ሰምታለች፤ አልከፋትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አጥንት ስትጎትት የኖረች ሴት በስም አትከፋም። ያቺ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አግዳሚ፣ አንድ መደርደሪያ የማሻ ዘይት፣ የተቀደደ አንሶላ የሞላበት ቅርጫት። እዚያ ገብቶ ያልጮኸ ወንድ የለም። ጮኼ አላውቅም የሚል ካለ ትጠራውና ሲጮህ የተናገረውን ቃል በቃል ትነግረዋለች።

የሥራዋ ምስጢር ግን ጣቷ ላይ አይደለም፤ አንዲት ተንኮል ላይ ነው። በሽተኛውን አግዳሚው ላይ ታስቀምጠውና «በደህናው እጅህ ይቺን የአግዳሚውን እንጨት ምታ፤ ከምትችለው በላይ ሲሆንብህ ምታ» ትለዋለች። ምስኪኑ ሲመታ የምታቆምለት ይመስለዋል። እሷ ግን የምትጠብቀው ያንኑ ምት ነው። ሰው ሊመታ እጁን ሲያነሳ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ደህናው ጎን ይሄዳል፤ የታመመው ጎን ለአፍታ ይላላል፤ በዚያች አፍታ ስባ ታስገባዋለች። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ ምት ማለት «ተይ» ማለት አይደለም፤ «አሁን!» ማለት ነው። አታላይ ናት የሚሏት አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ይህን የሚሉት አጥንታቸው ገብቶ፣ በሁለት እግራቸው እየሄዱ ነው።

ይህን ሥራ ብቻዋን አትሠራውም፤ ከኋላ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ባሏ በጊዜ ስለሞተ ያዧ ልጇ ነበረች፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ። ልጅቷ ከበሽተኛው ጀርባ ትቀመጥና እግሮቿን በወገቡ፣ እጆቿን በደረቱ ዙሪያ ታቆላልፋለች። እንጨቱ ሲመታ እናትየው «ጠበቅ!» ትላለች፤ ልጅቷ ጠበቅ ታደርጋለች። ሰውየው ይጮሃል፣ ይራገማል፣ አንዳንዱም ይነክሳል፤ እሷ ወይ ፍንክች። እናቷ «ጠፍር» አለቻት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ቆይቶ «ጠበቅ» ማለትም ቀረ፤ ምቱ ራሱ በቃት።

እንግዲህ ይቺ ልጅ አድጋ ጁጂትሱ ገባች። ጁጂትሱ ቡጢና ርግጫ የለውም፤ ይዞ መጣል፣ መጠምዘዝ፣ ማነቅ ነው። የተያዘው ሰው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት በእጁ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ተሸነፍኩ ማለት ነው፤ የያዘው ወዲያው መልቀቅ አለበት። ጨዋታ የሚያሰኘው ይቺ ብቻ ናት፤ ያለሷ ግድያ ነው። አሠልጣኟ ገና በመጀመሪያው ቀን ሰው ከኋላ ስትይዝ አይቶ «ይሄን ማን አስተማረሽ?» ቢላት «እማዬ» አለችው። ሳቀ። ብዙ አልሳቀም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ውጭ አገር በተደረገ ትልቅ ውድድር ላይ፣ ጠፍር የአንዲት ሴት ክንድ ያዘች። ሴትየዋ ሦስት ጊዜ መታች። ጠፍር ጠበቅ አደረገች። ክርኑ ወደማይታጠፍበት ወገን ታጠፈ፤ ዳኛው በአንገቷ ጎትቶ እስኪያላቅቃት ድረስም አልለቀቀችም። ከግጥሚያ ታገደች፤ «ሁለተኛ ከደገምሽው እስከ ወዲያኛው ነው» ተባለች። ያን ዕለት ለእናቷ ደውላ እየተንሰቀሰቀች «እማዬ፣ ስትመታ ጠበቅ አደረግኩ» አለቻት።

እናትየው ብዙ ነገር ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን «ዳኛው የት ሄዶ ነው?» አለች።

ልጅቷ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ይደዋወላሉ፤ የሚያወሩት ስለ ዝናብ ነው። ወጌሻዋም ያቺን አንዲት ቃል ለመመለስ ሁለት ዓመት ሙሉ አፏን ከፍታ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘግታዋለች። ሰው አጥንት ይጎትታል እንጂ ከአፉ የወጣ ቃል ጎትቶ አይመልስም።

ዛሬ ከእገዳው በኋላ የመጀመሪያዋ ግጥሚያ ነው። ብታሸንፍ ብትሸነፍ እናቷ ጉዳይዋ አይደለም። ያስጨነቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተጋጣሚዋ ስትመታ ልጇ ትለቃለች ወይስ አትለቅም? ካልለቀቀች ልጅቷ አበቃላት። ያበላሻት እጅ የማን እንደሆነ ደግሞ ወጌሻዋ ታውቀዋለች።

ክቧ መሽከርከሯን ተወችና ሥዕሉ መጣ። ሰፊ አዳራሽ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ሁለት ወንዶች። አንደኛው ከኋላ ሆኖ የሌላውን አንገት በክንዱ ቆልፎ ያንቃል፤ የታነቀው ፊት ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከወይን ጠጅ ወደ አመድ ሄደ። አልመታም፤ ኮራ። እጁ ዝርግፍ አለ፣ እግሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፈራገጠ፣ ዓይኑ ነጩ ብቻ ቀረ። ዳኛው ዘሎ አላቀቃቸው።

«ሞተ እንዴ?» አለ ሹፌሩ፤ ትከሻውን ረስቶ።

«ተኝቶ ነው» አለ ወንድምየው። «አሁን ይነቃና የት ነኝ ይላል።»

ሰውየው እውነትም ነቃ፤ ለሃጩ በአገጩ ላይ እየተንጠባጠበ ዙሪያውን አየ። ማስታወቂያ ገባ። የጠፍር ተራ ከዚያ ቀጥሎ ነበር።

ወጌሻዋ እጆቿን አጣጥፋ ማስታወቂያ ማየት አልሆነላትም። ለእጅ መድኃኒቱ ሥራ ነው። «ና ያዘው» አለችው ወንድሟን። ወንድምየው ይህን ሥራ እንደ ሞት ይጠላዋል፤ ቢሆንም ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ አቀፈው። እሷ የወለቀውን ክንድ በሁለት እጇ ያዘች።

«ከአቅምህ በላይ ሲሆን እንጨቷን ምታ።»

«ያቆማሉ?» አለ ሹፌሩ።

«ምን ጥያቄ አለው!»

ሳበች። ሹፌሩ ጥርሱን ነከሰ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ከዚያ ግራ እጁን አንስቶ እንጨቱን ጠለዘው። «ጠበቅ!» አለች፤ ጠምዘዝ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችው። ቋ! የሹፌሩ ጩኸት ጎረቤት ያለው ውሻ ሳይቀር አስጮኸው።

«መታሁ እኮ! ሴትዮ፣ መታሁ!»

«ሰምቻለሁ» አለች፤ ክንዱን በአንሶላ ቅዳጅ ደረቱ ላይ እያሰረች። «ገብቷል። ተነስና ሂድ።»

«አልሄድም» አለ ሹፌሩ እንባውን እየጠረገ። «ሌላ ሰው ሲሰቃይ ሳላይማ ንቅንቅ አልልም።»

ጠፍር ወጣች። አጠር ብላ፣ ትከሻዋ ሰፍቶ፣ ፀጉሯ ተላጭቷል። እናትየው ፀጉሯን መላጨቷን አታውቅም ነበር። ተጋጣሚዋ በአንድ ራስ የምትበልጣት ረጅም ሴት ናት፤ ክንዶቿ ማለቂያ የላቸውም። ከሥዕሉ ሥር የተመልካቹ አስተያየት እየተግተለተለ ያልፋል። ወንድምየው ጥቂቱን አነበበ።

«ምን ይላሉ?» አለችው።

«ተዪው።»

«በል ንገረኝ!»

«ሰባሪዋ መጣች ነው የሚሉት።»

ደወሉ ተደወለ። ረጅሟ ጊዜ አላባከነችም፤ በመዳፏ የጠፍርን ማጅራት ጨምድዳ ወደ ታች ስትደፍቃትና ጠፍር ቀና ስትል ግንባር ለግንባር ተጋጩ። የጠፍር አፍንጫ ደም ተፋ። ነጩ ምንጣፍ ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ተረጋግጦ ተለቀለቀ። ረጅሟ እግሯን ጠልፋ ጣለቻት፣ ወጣችባት፣ ክንዷን እንደ ወፍጮ መጅ አፍንጫዋ ላይ አስተኝታ አሸችው። ጠፍር በአፏ ደም እየተነፈሰች ተገላበጠች። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተሰንጥቆ ነበር።

«ኧረ በሕግ!» አለ ሹፌሩ። «ይሄ ጨዋታ ቡጢ የለበትም አይባልም?»

ረጅሟ አሁን ወደ እግር ወርዳለች። የጠፍርን ተረከዝ ብብቷ ውስጥ ቀርቅራ ወደ ውስጥ ጠመዘዘችው። ተረከዝ ሲዞር የሚሰበረው ተረከዝ አይደለም፤ ጉልበት ነው። ወጌሻዋ ይህን ለማወቅ ተንታኝ አላስፈለጋትም። «ውስጠኛው ጅማት» አለች ለራሷ። «ተወጠረ… ተወጠረ…» ድምፁ በቴሌቪዥን አይሰማም፤ እሷ ግን ሰማችው። «ሄደ» አለች።

«ምነው ብትመታና ቢያልቅ!» አለ ወንድምየው። «ምቺ፣ ልጄ! ምቺ!»

«እሷ መምታት አታውቅም» አለች እናትየው። «መቼ አስተማርኳትና!»

ጠፍር አልመታችም። በደህናው እግሯ ረጅሟን ፊቷ ላይ ገፍታ፣ ተረከዟን ከብብቷ መንጭቃ አወጣች፤ አንድ ጉልበቷ እየከዳት በእምብርክክ ዞረች። እንዴት እንደሆነ ወንድምየው አላየም፤ ሹፌሩም አላየም፤ ብቻ በድንገት ጠፍር ከረጅሟ ጀርባ ነበረች፤ እግሮቿ በወገቧ፣ እጆቿ በደረቷ ዙሪያ ተቆላልፈው።

ወጌሻዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ያንን አያያዝ በዓይኗ ብቻ ሳይሆን በእጇም ታውቀዋለች። ረጅሟ ተወራጨች፣ በክርኗ ወደ ኋላ ደቆሰች፣ አንዱ ክርን የጠፍር የደማ አፍንጫ ላይ አረፈ። ጠፍር ወይ ፍንክች። ከዚያ የረጅሟን ቀኝ ክንድ አገኘችና ያዘች፤ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ጭኖቿን በረጅሟ ደረትና ፊት ላይ ጭና፣ ክንዱን ቀጥ አድርጋ ዘረጋችው።

ሥዕሉ ቆመ። ክቧ መጣች።

«አንተ!» አለች ወጌሻዋ።

«እኔ ምን ላድርግ፣ እታለም! ኢንተርኔቱ ነው!»

ክቧ ትሽከረከራለች፤ ከክቧ ኋላ የተዘረጋው ክንድ እንደ ደረቀ ቆሟል። ወጌሻዋ ለሁለት ዓመት ስትለምን የኖረችው «እባክሽ ልቀቂ» የሚል ነበር። አሁን ግን የልጇን አፍንጫ፣ የልጇን ጆሮ፣ የልጇን ጉልበት አይታለች፤ ደሟ ፈልቷል። ልመናዋ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ። ካሜራው በጠፍር ጭን በኩል ነበር፤ ዳኛው በወዲያኛው ወገን ተንበርክኮ ክርኑን ብቻ ያያል። በጭኑ ሥር የረጅሟ ግራ እጅ ተነሳ።

«አትልቀቂ!» ብላ ጮኸች ወጌሻዋ። «ስበሪያት! ጠበቅ!»

እጁ የጠፍርን ጭን መታ። አንድ። ሁለት።

ጠፍር ለቀቀች።

በእሳት እንደተነካ ሰው ነበር የለቀቀችው። ሁለት መዳፎቿን ከፍታ፣ ለዳኛው እያሳየች፣ ተነስታ ተቀመጠች። ደም በተለወሰው ፊቷ ላይ አንዲት ነገር ታየች፤ ፈገግታ ነው ብሎ መማል ይቻላል። ዳኛው ግን ምቱን አላየም። እጁን አወዛወዘ፦ ቀጥሉ። ረጅሟ ዳኛውን አየችው፣ ክንዷን አየችው፣ ገባት። እዚያ ላይ «መትቻለሁ» የሚል ሰው ይኖራል፤ እሷ ግን አላለችም። ተወርውራ የጠፍርን ግራ ክንድ ያዘች፤ እግሯን በአንገቷ ላይ አሻግራ ዘረጋችው።

ጠፍር ለመምታት ቀኝ እጇን አነሳች። በሕይወቷ የመጀመሪያው ነበር። ረጅሟ በዚያችው አፍታ በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ወደቀች። ወጌሻዋ አፍታዋን አወቀቻት፤ ሠላሳ ዓመት የሠራችባት ናት። የልጇ እጅ ገና አየር ላይ እያለ ክርኗ ወደ ኋላ ተሰበረ፤ ክንዷ መሃል ላይ መሆን የሌለበት እጥፋት ታየ። አጥንቱ ቆዳዋን ከውስጥ ገፍቶ ሾጠጠ።

ሹፌሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። ወንድምየው «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ ጭንቅላቱን ያዘ። ዳኛው የረጅሟን እጅ አነሳ። ቴሌቪዥኑ ቀስ አድርጎ ደገመው፤ ሁለቱ ምት ከጭኑ ሥር ፍንትው ብለው ታዩ፤ አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ወንድምየው እየተንተባተበ «የዳኛው ቃል የመጨረሻ ነው፣ በድጋሚ ሥዕል አይሻርም ነው የሚሉት» አለ።

ወጌሻዋ ከመደርደሪያው የዘይት ጠርሙስ አነሳችና የተነሳው እጅ ላይ ወረወረችው። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፤ ረጅሟ በአንድ ጊዜ ሃያ ቦታ ተቆራርጣ ጠፋች፤ ዘይቱ በግድግዳው ላይ ተንዠቀዠቀ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ስታነሳ ወንድሟ ከኋላ አቀፋት። ነከሰችው። ጮኸ እንጂ አልለቀቃትም።

ስልኩ የጮኸው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ወንድሟ የተነከሰ ክንዱን ታቅፎ፣ ሹፌሩም መሄድ ፈርቶ፣ ሁሉም የተሰባበረ መስታወት መሃል ተቀምጠው ነበር። የልጅቷ ፊት ስልኩ ላይ መጣ፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፣ አፍንጫዋ በጥጥ ተወትፏል፣ ክንዷ በሰሌዳ ታስሮ ደረቷ ላይ ተኝቷል። ወጌሻዋ ይህን ሁሉ ጊዜ «ለምን ለቀቅሽ?» ልትላት ስትጠብቅ ነበር። ፊቱን ስታይ አልወጣላትም።

«አየሽ፣ እማዬ?» አለች ልጅቷ።

«አየሁ።»

«መታች አይደል? እሷ አልመታሁም ብላለች። እኔም ሳስበው ሳስበው ተጠራጠርኩ።»

«ሁለት ጊዜ። በግራ እጇ፣ ጭንሽ ላይ።»

ልጅቷ ደህናውን ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባ ወርዶ ጥጡ ውስጥ ገባ። «እንኳን አየሽልኝ» አለች።

«ያኔ ዳኛው የት ሄዶ ነው አልኩሽ» አለች ወጌሻዋ። «ዳኛው ምን አደረገኝ! ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ልጄ። የኔ ነበር።»

ልጅቷ ደህናውን ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ «አንቺ ብትሆኚ ትለቂያት ነበር?» አለች።

ወንድምየው ወለሉን አየ። ወጌሻዋ ለሠላሳ ዓመት እዚያው አግዳሚ ላይ ሰው ስታታልል ኖራለች፤ አንድ ጊዜ ደግማ ብትዋሽ ልጇ ልታውቅባት አትችልም ነበር።

«አልለቅም ነበር» አለች። «ዛሬም አትልቀቂ ብዬ ጮኼብሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ፤ በቂም አላለችውም። «ዳኛው እስኪያይ ይዤ መቆየት ነበረብኝ፤ አሠልጣኜ ሁሌም የሚለኝ እሱን ነው። ግን ስትመታ ‘ጠበቅ’ የሚለው ድምፅሽ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። እጄን ፈራሁት፣ እማዬ። ለዚህ ነው ቶሎ የለቀቅኳት።»

ከኋላዋ ነጭ የለበሰ ሰው መጥቶ፣ ወደ ቀዶ ጥገና ሊወስዷት እንደሆነ ነግሯት ስልኩን ከእጇ ተቀበላት።